የዳኜ አሰላለፍ

ዳኜ ምግብ እንኳ ሲበላ ያሰልፋል። እውነቴን ነው! ዶሮ ወጥ ሲቀርብለት እንቁላሉን መሀል ያስቀምጥና «ይሄ ንጉሡ ነው» ይላል። ብልቶቹን ዙሪያውን ይደረድራል፣ አይቡን ከኋላ ያቆመዋል። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ማየት አልወድም፤ እጄን ሰድጄ ንጉሡን እጎርሰዋለሁ። «እንዴ እታለም! ጦርነት ሳታውጂ?» ብሎ ይጮኻል። የእህቴ ባል ነው። ሰው ስለ እሱና ስለ ሰርጉ ብዙ ያወራል፤ ግማሹ ውሸት ነው። እኔ ድንቅቱ ጃለታ፣ የሱሉልታዋ ወተት ነጋዴ፣ የሰርጉ ዕለት በሩ ላይ ቆሜ የገጠምኩት ራሴ ስለሆንኩ ከእኔ ስሙት።

ዳኜ ያደገው ቡራዩ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት አጎቱ ኦቦ ጎበና ናቸው ያሳደጉት። ኦቦ ጎበና ድሮ ድንጋይ ሲጭኑ ተጎድተው ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም፤ በዱላ ነው የሚሄዱት። ለእሱ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ሰጡት። ከፊት ፎቶ ኮፒ አደረገባት። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አሮጌ አሮጌ ኮምፒውተሮች በገመድ አያይዞ ጌም ቤት ከፈተ። ሌላው ጌም ቤት ሁሉ ኳስ ነው የሚያጫውተው። የዳኜ ጦርነት ብቻ ነው፤ የጥንት ጦርነት፣ በጋሻና በጦር፣ በቀስትና በፈረስ፣ ድንጋይ በሚወረውር ጋሪ። ተጫዋቹ ከተማ ይቆረቁራል፣ ጦር ያሰለጥናል፣ ከዚያ የጎረቤቱን ከተማ ይወራል። «ኳስ የፈለገ ማዶ አለ» ይላል ዳኜ፣ ሰው እንዳይመጣበት የሚፈልግ ይመስል።

የእሱ በሽታ አሰላለፍ ነው። ጦሩን ዝም ብሎ አይልክም፤ ማን ፊት ይቁም፣ ማን ኋላ፣ በምን ያህል ርቀት፣ ይሄን ሳያስተካክል ሻይ እንኳ አይጠጣም። ነገሩ ጌም ውስጥ ቢቀር መልካም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የቡራዩ ታክሲ ሰልፍ ተተረማምሶ ሰው ሲጋፋ አየ። «ቆይ ቆይ!» ብሎ ገባ። ሕፃን ያዘሉትን መሀል፣ ጎረምሶቹን ግራና ቀኝ፣ ቦርሳ ያላቸውን ከኋላ አቆመ። ሚኒባሱ ሲመጣ ሰው ሁሉ አንድም ሳይጋፋ ገባ፤ ረዳቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዳኜ ግን እዚያው ቀረ፤ «የኋላ ደጀን ነኝ» ብሎ ራሱን መጨረሻ ላይ አቁሞ ነበርና ቦታ አለቀ። ለቅሶ ቤት ሄዶም የድንኳኑን ወንበር አራት ማዕዘን አድርጎ ሠርቶታል። ሐዘንተኛዋ «ከምን ልትጠብቀኝ ነው ልጄ?» አሉት አሉ።

እህቴ ኤቢሴ ቡራዩ አክስታችን ዘንድ ተቀምጣ ልብስ ስፌት ትማር ነበር። የትምህርት ማስረጃዋን ፎቶ ኮፒ ልታስደርግ እሱ ዘንድ ስትገባ መብራት ጠፋ። ዳኜ መብራት እስኪመጣ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ቆርኪ ደረደረላት፤ የለስላሳው ቆርኪ ጦረኛ፣ የቢራው ፈረሰኛ። መብራቱ መጣ፤ እሷ አልሄደችም። ለእሁድ ሱሉልታ ቤታችን ስትመጣ «ምን ብሎሽ ነው እንዲህ የምትፈግጊው?» ብላት «ቀስተኛን ብቻውን አትተዪው አለኝ» አለችኝና ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ወይ ጉድ! በእኛ ጊዜ ወንድ ልጅ ሴት ሲያባብል «ዓይንሽ» ነበር የሚለው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ በሩ ላይ ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ አይገባችሁም። በ2006 ከፋሲካ በኋላ ነው። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር መጀመሪያ የተሰማበት ሰሞን። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ልትጠቀልል ነው ተባለ፣ ገበሬው መሬቴን አለ፣ ተማሪው ወጣ፣ መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል። እኔ ወርቁ የሚባል የሰበታ ልጅ ላገባ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ በሬ ተጣለ፣ እኔ ነጭ ለብሼ ተቀመጥኩ። ወርቁ አልመጣም። ማታ በስልክ «መንገዱ ተዘግቶ ነው» አለኝ። እሺ አልን፤ የተዘጋ መንገድ ምን ይደረጋል? በነጋታው በዚያው በሰበታ መንገድ አንድ የዓለም ገና ነጋዴ ሽንኩርቱን ጭኖ ሱሉልታ ገበያ ደረሰ። አባዬ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁት። «ትናንትም መጥቻለሁ፣ ዛሬም መጥቻለሁ፤ ምንም የለም» አላቸው። ሽንኩርት የመጣበት መንገድ ወርቁን አቃተው! ከዚያ በኋላ አባዬ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። እኔ ደግሞ ሽንኩርት ስከትፍ አለቅሳለሁ፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀኝም።

እና ኤቢሴ «ድንቄ፣ ላገባ ነው» ስትለኝ ስለ ሥራው አልጠየቅኩም፣ ስለ ዘሩ አልጠየቅኩም። «ይመጣል ወይ?» አልኳት።

«የት?»

«በቀኑ ነዋ!»

እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። ይህ ሰው እህቴን አስለብሶ ሊያስቀራት የሚችል ዓይነት መሆን አለመሆኑን በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እኔ አንዴ ተመንጥሬያለሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ወተቴን አዲሱ ገበያ አድርሼ፣ የተረፈውን በጀሪካን ይዤ፣ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ የማስደርግ መስዬ ቡራዩ ገባሁ። ዳኜ ቀና ብሎ አየኝና «የኤቢሴ እህት ነሽ» አለ። አፍንጫችን አንድ ነው፤ ሰላይነቴ በር ላይ አለቀ።

«ልትጫወቺ ነው የመጣሽው?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አልኩና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተጫወትኩ።

መጀመሪያ ወታደሮቼን ሁሉ አንድ ቦታ ጠቀጠቅኳቸው፤ ሰው ሲበዛ የሚያስፈራ መስሎኝ ነው። ዳኜ ድንጋይ ወርዋሪ ጋሪውን አመጣና አንድ ድንጋይ ለቀቀ። ግማሹ ጦሬ ተኛ። «እታለም፣ እንዲህ ተሰብስበሽ አትቁሚ። ድንጋይ ሲመጣ በተን ነው» አለኝ።

«በሀገሩም በጌሙም ተሰብስቦ መቆም ክልክል ነው በለኛ!» አልኩት። ጌም ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

በሁለተኛው በተንኳቸው። አሁን ደግሞ ፈረሰኛ ላከና አንድ በአንድ ለቀማቸው። «ለምን በተንሽ? ፈረስ ሲመጣ ጥቅጥቅ ማለት ነው! ጦረኛው ፊት፣ ቀስተኛው ከጀርባው!»

«አንተ ሰውዬ ወስን! ልሰብሰብ ወይስ ልበተን?»

«የመጣብሽን አይተሽ ነዋ!» አለ፤ ዓይኑ አበራ። ወንበሩን አስጠግቶ ያብራራልኝ ጀመር። ያው ጦረኛ ነው፣ ያው ጋሻ፣ ያው ጉልበት፤ አቋቋሙ ብቻ ሲለያይ አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ያልቃል። ቀስተኛው ከሩቅ ይገድላል፤ አንድ ፈረስ ከጎን ዞሮ ከደረሰበት ግን ሜዳ ላይ የቀረ ሰው ነው። አራት ማዕዘን ከሠሩ የደከመው መሀል ይጠለላል፤ ጋሪ ካለባቸው ግን አራት ማዕዘኑ ለድንጋይ የተመቸ ነው። ደግሞ የተሰለፈ ጦር የሚሄደው በዝግተኛው ልክ ነው። «ፈረሰኛው ይናደዳል» አለ ዳኜ፣ «ግን ብቻውን ቀድሞ የደረሰ ፈረስ ሞተ ማለት ነው»።

እኔም ነገሩ ልቤ ገባ፤ ምን ላድርግ! በመጨረሻው ጨዋታ አንድ ነገር አየሁ። የዳኜ ጦር ሜዳ ላይ እንደዚያ ያማረው ሰልፍ የከተማዬ በር ላይ ሲደርስ ገበያ ሆነ። አንዱ ቦታዬ ግራ ነው ብሎ ይዞራል፣ ሌላው ቀኝ ነኝ ይላል፣ የኋላው ይገፋል። በሩ ላይ የነበሩት ጥቂት ዘበኞቼ ቆመው እየለቀሙ ጨረሷቸው። አሸነፍኩ! እልል አልኩ፣ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ዳኜ ይናደዳል ስል «በር! አሰላለፍ በር ላይ ይፈርሳል! እታለም፣ አንቺ ጄኔራል ነሽ!» ብሎ ከእኔ ብሶ ዘለለ። ተሸንፎ እንዲህ የሚደሰት ወንድ አይቼ አላውቅም። ወተቱ ረግቶ እርጎ ሆኗል። ማታ አባዬ «ወተቱስ?» ሲሉኝ «ጦርነት ላይ ወደቀ» አልኳቸው።

ኦቦ ጎበና ለሽምግልና መጡ። አባዬ ብዙ ነገር አልደረደሩም። «ልጁ ጌም ተጫወተ አልተጫወተ ጉዳዬ አይደለም። በቀኑ ይምጣ። እንግዳዬ ሳይነሳ ካልደረሰ ልጄን አልሰጥም፤ ሁለተኛ ደጄ ላይ ቆሜ አልዋረድም» አሉ። ኦቦ ጎበና በዱላቸው መሬቱን መታ አድርገው «እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ» አሉ። ቀኑ ለጥር ተቆረጠ።

ጥር 2008! ከዚያ የባሰ ወር ከየት ይመጣል? ታኅሣሥን ሙሉ ዙሪያው ሲታመስ ከርሟል፤ ያለቀሰ ቤትም አለ፤ ሙሽራ ይዞ ማዜም ራሱ ያሳፍር ነበር። ከዚያ ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረና ሰው ትንሽ ተነፈሰ፤ ነገሩ ግን ሬዲዮ ስለተናገረ ወዲያው አይበርድም። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ከእንጦጦ ወዲህ መንገዱ ላይ ባሕር ዛፍ ተጋድሟል፣ ድንጋይ ተደርድሯል ተባለ። መኪና አያልፍም፤ ስልክም አይሠራም። የቀበሌው ሰው መጥቶ «ሰርጉን አንከለክልም፤ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ባዶ ይሁን» አለን።

ሙሽራው ለምሳ ነበር የሚጠበቀው። የምሳ ሰዓት አለፈ። እንግዳው መጀመሪያ ይጫወት ነበር፤ ቀጥሎ ሰዓቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን ማየት ጀመረ። አቤት ያ አስተያየት! አንዷ ሴትዮ «እዚህ ቤት ደጅ ምን ተቀብሮ ይሆን?» ስትል ጭልፋዬን ይዤ ተነሳሁ፤ ወጥ ሠሪያችን ሙሉዬ በወገቤ ይዛ አስቀመጠችኝ። ጓዳ ገባሁ። ኤቢሴ ቬሎዋን ለብሳ ከሁለት ዓመት በፊት እኔ በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ድንቄ፣ ይመጣል አይደል?» አለችኝ። ደህና የነበረውን ዓይነ ርግቧን እንዲያው አበላሽቼ እንደገና አስተካከልኩላት።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አባዬ በሩ ላይ ቆመዋል፤ አይቀመጡም። ሙሉዬ የጭድ ክምሩ ላይ ወጥታ ታያለች። ድንገት «መጡ!» ብላ ጮኸች። «በእግራቸው! ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ደግሞ ተሰልፈው!»

እኔም ክምሩ ላይ ወጣሁ። እውነትም ሙሉ ልብስ የለበሱ ወንዶች በአቧራ ነጭ ሆነው በሜዳው ይመጣሉ። ፊት ላይ አንደኛው ሚዜ ሙሄዲን፣ የቡራዩ ባለሱቅ ልጅ፣ ትከሻው በር የሚያህል። ግራና ቀኝ ክንፍ፤ ከኋላ ሽቶ የያዙት፤ መሀል ላይ ኦቦ ጎበና እያነከሱ፣ ዳኜ ክንዳቸውን ይዞ። ሁሉም እሳቸው አንድ ሲራመዱ አንድ ይራመዳሉ። አሥር ጊዜ እልል አልኩ መሰለኝ።

መንገድ ላይ የሆነውን በኋላ ሙሄዲን ነው የነገረኝ። ሙሄዲን ሲያወራ ይጨምራል፤ እኔ ቀንሼ ልንገራችሁ። መኪናዎቹ ሲቆሙ ሚዜዎቹ «እኛ ሮጠን እንድረስ፣ ኦቦ ጎበና ይመለሱ» አሉ። ዳኜ አሻፈረኝ አለ፤ «ያሳደገኝን ሰው መንገድ ላይ ጥዬ ነው ሙሽራ የምሆነው?» ብሎ በዝግተኛው ልክ አሰለፋቸው። ድንጋዩን የደረደሩት ወጣቶች እነዚህን ሙሉ ልብስ ለባሾች በሰልፍ ሲመጡ ሲያዩ ሌላ ምን ይጠርጥሩ? «ሲቪል የለበሱ ናቸው!» ብለው ድንጋይ አነሱ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ዳኜ ዳኜነቱን ያሳየው። ድንጋይ ሲያይ አፉ አምልጦት «በተን!» ብሎ ጮኸ። ሚዜዎቹ ሁሉ የእሱ ጌም ቤት ልጆች ናቸውና በአንድ ጊዜ እኩል ተራርቀው ተበተኑ። አሁንማ ማን ይመናቸው! የሰለጠነ ወታደር ራሱ እንደዚያ አያምርበትም።

ኦቦ ጎበና ናቸው ያዳኗቸው። ዱላቸውን ከፍ አድርገው ብቻቸውን ወደፊት እያነከሱ ሄዱና «ኢጆሌ ኮ!» አሉ፤ ልጆቼ ማለት ነው። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ሰርገኞች መሆናቸውን፣ ሙሽራዋ የጃለታ ልጅ መሆኗን፣ ይህ እብድ ልጃቸው ድንጋይ ያየው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ መሆኑን ነገሯቸው። ልጆቹ አባዬን ያውቋቸዋል፤ ሳቁ። «ሰርገኛ ከሆናችሁ ጨፍሩ!» አሏቸው። እዚያው ባሕር ዛፉ ላይ አስጨፍረው አሳለፏቸው። ወረድ ሲሉ ደግሞ ፖሊስ አስቁሟቸው የሽቶ ጠርሙሶቹን አይቶ «ምንድን ነው ይሄ?» አለ። ሙሄዲን ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው፤ ደንግጦ ነው መሰል ትንሽም ረጨበት። ፖሊሱ «ሂዱ፣ ከዓይኔ ጥፉ» አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሰርገኛ እየሸተተ ዋለ።

እኔ ግን በዚያ ሰዓት ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው መምጣታቸውን ነው፤ መጡ ማለት ደግሞ ጦርነት አለ። የሴት ወገን በር ይይዛል፣ የወንድ ወገን ሽቶ እየረጨ፣ እየጨፈረ፣ እየተገፋፋ ይገባል፤ ደንባችን ነው። ከክምሩ ዘልዬ ወረድኩ። «በሩን ዝጉ! መቀርቀሪያውን አምጡ!» ጉልበት ያላቸውን ሴቶች ክንድ ለክንድ አያይዤ ፊት አቆምኩ። ልጃገረዶቹን ከበሩ ክንፎች ጀርባ፣ ግራና ቀኝ፣ ደበቅኩ። ሙሉዬን ከነከበሮዋ መሀል። ዳኜ ከውጭ በበሩ ክፍተት አየኝና ፊቱ ተለወጠ። «ወይኔ! ጄኔራሏ ናት!» አለ።

«እንኳን በደህና መጣህ ልጄ!» አልኩት።

ቀስተኞቹ፣ ሽቶ የያዙት ማለቴ ነው፣ ከኋላ ረጩ። የሱሉልታ ነፋስ ደግሞ ከእኛ ወገን ነበር፤ ሽቶው ሁሉ ተመልሶ የራሳቸው ግንባር ላይ ወረደ። ሙሄዲን ያስነጥስ ጀመር። ዳኜ «ሹል! ሹል ሁኑ!» ብሎ ጮኸ። ሙሄዲን ጫፍ፣ ሌሎቹ ከጀርባው ሰፋ ሰፋ እያሉ እየተንደረደሩ መጡ። ልክ ሲደርሱ «ክፈቱ!» አልኩ። አንዱን ክንፍ ከፈትነው፤ ሙሄዲን በራሱ ጉልበት ተወርውሮ ሙሉዬ እግር ሥር ወደቀ። ሁለት ሚዜ ተከትሎት ገባ። «ዝጉ!» ዘጋን። ልጃገረዶቹ ምርኮኞቹን ከበው አስጨፈሯቸው፤ ሙሄዲን ከበሮ ተሸክሞ እስክስታ ሲወርድ ያላየ ሰው ምንም አላየም። ውጭ ያለው ጦር ደግሞ በር ላይ ተተረማመሰ። «እኔ የግራ ነኝ!» «ቦታዬን ልቀቅ!» «ፊት የነበረው ተማርኳል፣ ማን ፊት ይሁን?» ዳኜ ራሱን ይዞ ይስቃል። ድንኳኑ ተነቃንቆ ወጣ፤ ያቺ «ምን ተቀብሮ ይሆን» ያለችው ሴትዮ እንኳ ክንድ አያይዛ ትገፋልኛለች።

አባዬ ከኋላዬ «ድንቅቱ፣ ይበቃል፤ ሰዓት ሄዷል» አሉኝ።

«ገና ነው አባዬ! ይጠበቡ ትንሽ!»

ሁለተኛ ጊዜም አሉኝ፤ አልሰማኋቸውም። የቀበሌው ሰው አንዴ ሰዓቱን አንዴ እኔን ያያል። ሰርጉን ሊበትን እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። ያኔ ዳኜ ሚዜዎቹን ተዋቸውና ብቻውን ወደ በሩ ቀረበ። ክራቫቱ የለም፣ ጫማው ጭቃና አቧራ ነው፣ ፊቱ በላብ ተዥጎርጉሯል። በክፍተቱ አየኝና ዝቅ ብሎ «እታለም፣ አስጠበቅናችሁ። መንገዱ ተዘግቶ ነው» አለኝ።

ሌላ ምንም ቢለኝ ኖሮ! ተኝቼ ነው ቢለኝ፣ ሰክሬ ነው ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ነጭ ለብሼ ስልኩን ይዤ የቆምኩበት ማታ መጣብኝ። «አይከፈትም» አልኩ። ሰዉ ሳቀ፤ ጨዋታ መሰለው። «አይከፈትም አልኩ እኮ!» ሳቁ ቆመ። ሙሉዬ እጄን ከመቀርቀሪያው ልታላቅቅ ሞከረች፤ አልቻለችም። አባዬ «ልጄ፣ ክፈቺላቸው እንጂ» አሉ። መክፈት ፈልጌ ነበር እኮ! እጄ ነው እምቢ ያለው።

ያኔ ኤቢሴ ወጣች። ሙሽራ ሳይወስዷት ከቤት አትወጣም፤ አሮጊቶቹ «ኧረ በማርያም!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ በሰዉ መሀል መጥታ አጠገቤ ቆመች። አልጮኸችም። ጆሮዬ ሥር «ድንቄ፣ ይሄን በር የዘጋሽው በማን ላይ ነው? በዳኜ ነው በወርቁ?» አለችኝ።

በክፍተቱ ወደ ውጭ አየሁ። ዳኜ እንደቆመ ነው፤ ከእሱ ጀርባ ኦቦ ጎበና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የማይታጠፈውን እግራቸውን ዘርግተዋል። ጫማቸው ወልቋል፣ እግራቸው አብጧል፣ አንዱ ሚዜ ኮቱን አውልቆ ሥሩ አንጥፎላቸዋል። ሰዎቹ ሁሉ በዚህ እግር ልክ ነው የመጡት። የተዘጋ መንገድ ማለት ይሄ ነው ለካ፤ እኔ የማውቀው ስሙን ብቻ ነበር። እህቴን ማየት አፍሬ መቀርቀሪያውን ለቀቅኩ፤ መሬት ወደቀ።

«ግባ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት፣ በንዴት፣ በደስታ፣ እኔ እንጃ። «ምን ትገተራለህ? ሙሽራህ ደጅ ወጥታ ትጠብቅሃለች!»

ገቡ። ግራ የለ ቀኝ የለ፣ ፊት የለ ኋላ የለ፣ እየተረጋገጡ ገቡ። ሽቶው ሁሉ እኔ ላይ ተደፋ። ኦቦ ጎበናን ተሸክመው አስገቧቸው፤ እልልታው ሰማይ ደረሰ። እኔ በሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ደግሞ ሳቄ አልቆም አለኝ። አባዬ መጡና ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለዚያ ስለ ወርቁ ቀን የሆነ ነገር የሚሉ መስሎኝ ፈራሁ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

«ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም» አሉኝ። «ተነሺ፣ እኔም አልበላሁም።»